ከመኪና ቀለም ላይ የተጣበቀ ጎማና ሬንጅ ቀለሙን ሳይጎዱ ማስለቀቅ

ነጭ በር ላይ ያረፈ ጥቁር የጎማ መስመር ከሩቅ ዓይን ይወጋል። ባለቤቱ እንዳየው ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ማሸት ይጀምራል። እምቢ ሲለው የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ያነሳል፣ ወይም ከሰፈሩ ቀለም ቀቢ ቲነር ይለምናል። መኪናው የሚጎዳው ያኔ ነው። ጎማው ራሱ ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቀለሙን የሚበላው ለማስለቀቅ የምንጠቀመው ጉልበት ነው።

ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ሥራውን ፈሳሹ ይሥራው፣ እጃችሁ ይታገስ። ትክክለኛውን ፈሳሽ መርጣችሁ በቂ ጊዜ ከሰጣችሁት ቆሻሻው በጨርቅ ተጠርጎ ይወጣል።

መኪና እንደ ልብ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗል። ልትሸጡት ብትፈልጉም ገዢ ገና ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። "የፋብሪካ ቀለም ነው ወይስ ተቀብቷል?" ብሎ የማይጠይቅ ገዢ አላጋጠመኝም።

የምትነኩት ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ብረቱ ላይ የዝገት መከላከያ፣ ከዚያ መሠረት የሚሆን ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መስታወት የመሰለ ግልጽ ሽፋን አለው። ቀለም ቀቢዎች "ክሊር" ይሉታል። ሁሉም ተደራርበው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ናቸው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን 40 ወይም 50 ማይክሮን አካባቢ ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። የፀሐይን ጨረር የሚመክተውም መኪናውን የሚያብለጨልጨውም እሱ ነው። በሽቦ አንድ ጊዜ ከፈገፈጋችሁት የወሰዳችሁትን መመለስ አትችሉም።

መጀመሪያ ምን እንደተጣበቀ ለዩ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ሁሉንም "ቆሻሻ" ብሎ በአንድ ፈሳሽ ለማስለቀቅ ይሞክራል። ግን እያንዳንዱ ጠባዩ ለየቅል ነው።

ጎማ የሚመጣው ከብዙ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሄደ ሰው፣ ከከባድ መኪና የተገነጠለ የጎማ ቁራጭ አስፋልት ላይ ተጋድሞ ማየቱ አይቀርም። ያንን በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትመቱት ባምፐሩ ላይ ጥቁር አሻራ ይተዋል። የሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ምሰሶዎቹ ማዕዘን ላይ የተለጠፈው ጥቁርና ቢጫ ጎማም ሌላው ነው፤ ስትታጠፉ በሩን ይዳብሰዋል። በተጨናነቀ መንገድ የሚታከክ የባጃጅ ጎማም አለ። ሁሉም ጋ የሚሆነው አንድ ነው። ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል፣ ጎማው በዚያች ቅጽበት ይለሰልስና ቀለሙ ላይ ይቀባል።

ሬንጅ በነጠብጣብ ይታወቃል። አዲስ አስፋልት በሚነጠፍበት መንገድ ስታልፉ ጎማችሁ እያነሳ ወደ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ የምታገኙት ከጎማዎቹ ኋላ፣ በበሮቹ የታችኛው ክፍልና ኋላ ባምፐር ላይ ነው። መሃሉ ጥቁር፣ ዳሩ ወደ ቡና ዓይነት የሚያደላ፣ በጣት ሲነኩት ትንሽ ጎርበጥ የሚል ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ነጭ ወይም ብርማ መኪና ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ብርቱካንማ ነጥቦች ካያችሁ ከፍሬን የወጣ የብረት ብናኝ ነው። ፍሬን ስትይዙ የፍሬን ሸራውና ዲስኩ ተፋትገው ትኩስ ብናኝ ይረጫሉ። ብናኙ ክሊሩ ላይ ተሰክቶ ይዝጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በሞተሩ እየቀነሰ ፍሬኑን ብዙ ስለማይጠቀም የራሱ ብናኝ ያነሰ ነው፤ አጠገቡ ከሚሄደው መኪና ግን አያመልጥም።

አሁን ጠባያቸውን እዩ። ሬንጅ የነዳጅ ዘር ስለሆነ በነጭ ጋዝ ይሟሟል። የመኪና ጎማ ግን አይሟሟም። በፋብሪካ ከድኝ ጋር በስሎ የጠነከረ ስለሆነ ነጭ ጋዝ ሲነካው አብጦ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚላቀቀው። የብረት ብናኝ ደግሞ ለነጭ ጋዝም ለሳሙናም ደንታ የለውም። ሬንጅ በደቂቃ ሲለቅ ጎማ ለምን እንደሚያስቸግር ከዚህ ይገባችኋል።

ጥቁሩ መስመር ጎማ ነው ወይስ ጭረት?

የስልካችሁን መብራት አብሩና ከጎን በኩል ወደ መስመሩ አስጠጉት። የተለጠፈ ነገር ከሆነ ከቀለሙ ከፍ ብሎ ትንሽ ጥላ ይጥላል። ጭረት ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባ ቦይ ታያላችሁ፤ ዳርና ዳሩ ይብለጨለጫል።

ቀጥሎ ጥፍራችሁን መስመሩን አቋርጣችሁ በቀስታ ሳቡት። ጥፍሩ ገብቶ ከተያዘ ቀለሙ ተቆርጧል፤ ጎማውን ብታስለቅቁም ጭረቱ ይቀራል። ካልተያዘ ተስፋ አለ። በመጨረሻ ቦታውን በውሃ አርጥቡት። ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለስ ቀጭን ጭረት ክሊሩ ላይ ብቻ ያለ ነው፤ በፖሊሽ፣ ማለትም ቀለሙን በስሱ እየፋቀ በሚያለሰልስ ቅባት፣ ሊወጣ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁለት ባልዲ፣ የመኪና ሻምፑ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ አምስት ስድስት ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ ወይም በእሱ ምትክ ደብሊው ዲ ፎርቲ ከሚባለው የሚረጭ ቅባት አንድ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ቱቦ ደቃቅ ፖሊሽ፣ ሰም፣ የጎማ ጓንት። ማይክሮፋይበር ከሌላችሁ ታጥቦ የሳሳ የጥጥ ካናቴራ ቅደዱ፤ ቁልፍና የስፌት ክር እንዳይኖረው ብቻ ተጠንቀቁ።

የማያስፈልጉትን ልንገራችሁ። ሽቦ፣ ምላጭ፣ የስፖንጁ አረንጓዴ ሻካራ ገጽ፣ ቲነር፣ አሴቶን። የጥርስ ሳሙናም ይቅር። እሱ ራሱ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለው፤ የዱቄቱን ሻካራነት ስለማታውቁት የነካችሁት ቦታ ደብዝዞ ሊቀር ይችላል።

ቤንዚንስ? ቤንዚን ሬንጅ ያሟሟል፤ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ነጭ ጋዝ ቀስ ብሎ ስለሚተን ቦታው ላይ ቆይቶ ይሠራል። ከሁሉም በላይ የቤንዚን ተን ከርቀት እሳት ይስባል። ግቢ ውስጥ የከሰል ምድጃ ወይም ሲጋራ ካለ አደጋው የከፋ ነው። ናፍታም ይሠራል፤ የሚተወው ቅባት ግን ከባድ ስለሆነ አቧራ ይሰበስባል።

አንድ ነገር አደራ። የተረፈውን ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ።

አንደኛ፦ ጥላ ፈልጉና መኪናውን አቀዝቅዙ

ከጉዞ እንደገባችሁ አትጀምሩ። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አድርጉ፤ ከሞቀ ጠብቁ። ትኩስ ብረት ላይ ሳሙናውም ነጭ ጋዙም ቶሎ ይደርቅና ምልክት ይተዋል። ጠዋት ወይም ወደ ማምሻው ይሻላል።

ሁለተኛ፦ አቧራውን አውርዱ

ጎማውን በደረቁ ለማሸት ከሞከራችሁ የምታሹት ጎማውን ብቻ አይደለም፤ ላዩ ላይ ያለውን አሸዋም ጭምር ነው። ከመኪና እጥበት በኋላ ፀሐይ ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ግፊት ያለው ውሃ ካላችሁ ከላይ ወደ ታች አፍስሱበት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ሁለት የሃያ ሊትር ጀሪካን ለአንድ የቤት መኪና ይበቃል። ከአንዱ ላይ ግማሹን በተበሳ ጠርሙስ ወይም በአትክልት ማጠጫ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ የደረቀ ጭቃ እስኪርስ ጥቂት ደቂቃ ተዉት። የቀረውን ለሁለት ባልዲ ክፈሉት። አንዱ ባለ ሻምፑ ነው። ሌላው ስፖንጅ መለቅለቂያ ብቻ ነው። ስፖንጁን ከሻምፑው ባልዲ አንስታችሁ ትንሽ ቦታ እጠቡ፣ መለቅለቂያው ውስጥ ጨምቁ፣ ከዚያ ተመለሱ። ሲያልቅ መለቅለቂያው ባልዲ ታች የተኛውን አሸዋ እዩት። አንድ ባልዲ ብቻ ብትጠቀሙ ያ ሁሉ ወደ ቀለሙ ይመለስ ነበር።

ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የበር ላይኛው ክፍል፣ በመጨረሻ የታችኛው። ቸርኬ በሌላ ስፖንጅ ይታጠባል። ሁለተኛውን ጀሪካን ለማለቅለቂያ አስቀሩት።

የልብስ ሳሙና ዱቄትን በተመለከተ ብዙ ላቫጆ ይጠቀምበታል፤ ስለሚረክስም ይገባኛል። ነገር ግን የነበረውን ሰም ጠራርጎ ይወስዳል፤ በደንብ ያልሟሟ ዱቄትም ይፍቃል። ሻምፑ ከሌላችሁ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በባልዲ ውሃ ለዛሬ ይበቃል። እሱም ሰሙን ስለሚያነሳ መጨረሻ ላይ ሰም መቀባታችሁን አትርሱ።

ሦስተኛ፦ በማይታይ ቦታ ሞክሩ

የበሩን ውስጠኛ ጠርዝ ወይም የታችኛውን ዳር ምረጡ። ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ አስቀምጡና ጥረጉ። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ወይም ቦታው ተጣብቆ ከተገኘ አቁሙ።

ይህ ለኛ አገር መኪና በተለይ አስፈላጊ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች አንድ ቦታ ተቀብተዋል፤ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። አንዳንዱ ድጋሚ የተቀባ ቀለም ክሊር የለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ቢደርቅም ቲነር በነካው ቁጥር መልሶ የሚሟሟ ዓይነት ነው። ቲነር ይቅር የምለው ለዚህ ነው። ተቀብቶ ገና ሳምንታት ብቻ የሆነው መኪናም ለጊዜው ከሳሙናና ከውሃ በቀር ምንም አይንካው።

አራተኛ፦ ሬንጁን አስለቅቁ

ጨርቁን በነጭ ጋዝ አርሱና ነጠብጣቡ ላይ ለጥፋችሁ ያዙት። አታሹ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ስታነሱት ሬንጁ ዳር ዳሩን ቀልጦ ቡናማ ጅረት ሲያወርድ ታዩታላችሁ። ያን ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ጥረጉ። ጨርቁን ግለጡና በንጹሑ ገጽ ድገሙት። የረከሰውን ገጽ መልሳችሁ ብታሳልፉበት የቀለጠውን ሬንጅ እንደ ቅቤ ዙሪያውን ትቀቡታላችሁ፤ ሬንጅ ውስጥ ያለው ጠጠርም ይጭራል።

ወፍራም ከሆነ ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር አድርጉ። ነጭ ጋዝ ቤት ከሌለ የምግብ ዘይትም ይሠራል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ስጡት።

ፈሳሹን ቀለሙ ላይ አትርጩት። ጨርቅ ላይ አድርጉት። ወደ በር ጎማዎች ከወረደ ያብጣሉ፤ ቶሎ በሳሙና ውሃ ጥረጉ። የፊት መብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ ቤንዚንና ቲነር ከነካው ሊሰነጣጠቅ ስለሚችል እዚያ ላይ ከሳሙናና ከዘይት አትለፉ።

አምስተኛ፦ ጎማውን አስለቅቁ

ትዕግሥት የሚፈትነው ይህኛው ነው። በነጭ ጋዝ የራሰውን ጨርቅ መስመሩ ላይ ዘርጉና አምስት ደቂቃ ያህል አቆዩት። ከደረቀ እንደገና አርሱት። ከዚያ ጨርቁን አመልካች ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ በመስመሩ ርዝመት፣ ወዲህና ወዲያ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ በመጠነኛ ግፊት ግፉት። ጎማው እየለቀቀ ሲሄድ የእርሳስ ላጲስ ፍርፋሪ የመሰለ ጥቁር ክር እየተጠቀለለ ይወጣል። ያን ካያችሁ ትክክል እየሄዳችሁ ነው። ፍርፋሪውን በየመሃሉ ጥረጉት።

በቁሙ የተለጠፈ ወፍራም ቁራጭ ካለ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ አምጡና ጠርዙን በጨርቅ ሸፍኑት። ቀለሙን በፈሳሽ አርጥባችሁ ካርዱን በጣም አጋድማችሁ ከጎማው ሥር ግፉት። ካርዱን ካቆማችሁት መቧጨር ይሆናል።

ብዙው ከለቀቀ በኋላ ግራጫ ጥላ ይቀራል። ነጭ መኪና ላይ ይህ የሁሉም ሰው ቅሬታ ነው። እዚህ ላይ ነጭ ጋዝ ከዚህ በላይ አይረዳችሁም። ቦታውን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። አተር የምታክል ደቃቅ ፖሊሽ እርጥብ ስፖንጅ ላይ አድርጉና ቦታውን ብቻ በቀስታ አሹ፤ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ጥረጉና እዩ። ስፖንጁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ክሊር የለም ማለት ነው፤ እዚያው ተዉት። ሱቅ ስትገዙ "በጣም ደቃቁን" በሉ። ሻካራው የተቀባ መኪና የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው።

ማት የሚባለው የማያብለጨልጭ ቀለም ያለው መኪና ፖሊሽም ሰምም አይነካውም። ከነካው ያ ቦታ ብቻ ያብለጨልጭና አይመለስም።

ስድስተኛ፦ የማይታየው ጉርብጥብጥ

መኪናው ታጥቦ ንጹሕ ይመስላል። ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና ኮፈኑን በጣቶቻችሁ ጫፍ ዳብሱት። ባዶ እጅ የማይሰማው በፌስታል ይሰማል፤ አሸዋ ወረቀት የመሰለ ነገር ይኮረኩራችኋል። የብረት ብናኙ፣ የደረቀ የዛፍ ሙጫና የፋብሪካ ብናኝ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ክሌይ የሚባል ለስላሳ ሊጥ መሳይ ማጽጃ ነው፤ የመኪና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል። በጣት ጠፍጥፉት፣ ቀለሙን በሻምፑ ውሃ በደንብ አርጥቡ፣ ያለ ግፊት አንሸራትቱት። መጀመሪያ እየያዘ ድምፅ ያሰማል፤ ቆሻሻውን ሲያነሳ ድምፁ ይጠፋና እንደ ልብ ይንሸራተታል። የቆሸሸውን ገጽ እያጠፋችሁ ንጹሑን አውጡ። መሬት ከወደቀባችሁ ጣሉት። አሸዋ ይዟል፤ ዋጋው ቢያሳዝንም ከቀለም አይበልጥም።

ብርቱካንማ ነጥቦቹ በክሌይ ካልወጡ ለብረት ብናኝ ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ አለ። ሲረጩት ብናኙን አግኝቶ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ሽታው ይከብዳል፤ ክፍት ቦታ፣ ጓንት አድርጋችሁ ተጠቀሙ፣ ሳይደርቅም እጠቡት።

ሕንፃ በሚሠራበት አጠገብ የምታቆሙ ከሆነ የሲሚንቶ ጠብታም ያጋጥማችኋል። አትፋቁት። አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ጨርቅ አርሱና ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡበት፤ ሲፈረፈር በብዙ ውሃ አለቅልቁ።

ሰባተኛ፦ እጠቡ፣ ሰም ቀቡ

ነጭ ጋዝ የነካውን ቦታ ሁሉ እንደገና በሻምፑ እጠቡት። የቅባት ጭላጭ ከቀረ ሰሙ አይይዝም፤ አቧራም ይሰበስባል። አድርቁ። በነጭ ጋዝ የራሱትን ጨርቆች ጠቅልላችሁ ቤት ውስጥ አትጣሏቸው፤ ውጭ ተዘርግተው ይድረቁ።

ሰሙን በስሱ ቀቡት። ሲደበዝዝ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉ። ወፍራም መቀባት ጥቅም የለውም፤ ለመወልወል ብቻ ያደክማል። ውጭ የሚያድር መኪና በየሁለትና ሦስት ወሩ ቢቀባ ጥሩ ነው። ሰኔ ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ በተለይ አትለፉት። ውሃ በእንክብል በእንክብል መቆሙን ትቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲተኛ ሰሙ አልቋል ማለት ነው። ሰም ያለው ቀለም ላይ ያረፈ ሬንጅ በመጀመሪያው ጥረጋ ይነሳል፤ ጎማም ሥር አይሰድም።

አዲስ አስፋልት ላይ ስትነዱ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከፊት ካለው መኪናም ራቁ። ሬንጅ ከያዛችሁ በዚያው ሳምንት አንሡት። ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፤ ነጭ ቀለም ላይ ደግሞ ቢጫ ጥላ ሊተው ይችላል።

ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ፣ ወይም ብረቱ ከታየ ለቀለም ባለሙያ ስጡት። ስትሄዱ ጎማውን አስለቅቃችሁና አጥባችሁ ሂዱ። ያለበለዚያ ጥቁሩን ሁሉ ጉዳት አድርጎ ይገምተውና በሩን ሙሉ ልቀባ ይላችኋል። በጥረጋ የሚወጣው ከወጣ በኋላ የቀረው ሁለት ጣት የምታክል ቦታ ልትሆን ትችላለች።